ርዕስ ያልነበረው ወረቀት

ኪዳን አድርሼ ስመለስ ሁለት ፖሊሶች በሬ ላይ ቆመው ነበር። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነው። ነጠላዬን መስቀለኛ እንዳጣፋሁ ነኝ።

«ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ አንደኛው።

«አሁን?»

«አሁን።»

ትንሿ ልጄ ውስጥ ተኝታለች። ወባ ይዟት ሁለተኛ ቀኗ ነው። እህቴ ከጓዳ ስትወጣ ፖሊሶቹን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። «ፎጣውን እያረጠብሽ ግንባሯ ላይ አድርጊላት» አልኳት። ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አልሰጡኝም።

በባጃጅ ወሰዱኝ። እነሱ ግራና ቀኝ፣ እኔ መሐል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን አቀበት ስንይዝ አንዲት የሰፈራችን ሴት ነጠላዬን አየችና «ለቅሶ ነው እንዴ? የማን ቤት ነው?» ብላ ጮኸች። አንደኛው ፖሊስ ሳቀ። እኔ እጄን አነሣሁላት፤ ሌላ ምን ይባላል?

ክፍሏ ዱሮ ዕቃ ቤት ነበረች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ከዳዊት መጽሐፌ የማትበልጥ። ሁለት የተላጡ ፍራሾች። ጥግ ላይ በጣውላ የተከደነ ቢጫ ባልዲ። ወደ ውጭ የሚያወጡን ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ነው፤ ቀኑን በሙሉ ባልዲው ነው። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ሴትዮዋን አየሁ።

ከጫሞ ዳር ዓሣ እያመጣች ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። ልብሷ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የአፍ መፍቻዋ ጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛ አንዳንዴ ሴቷን እንደ ወንድ ትጠራለች፤ የሚያስቸግራት ግን እሱ ብቻ ነው፤ ነገር አይጠፋባትም።

«አንቺን አውቃለሁ» አለችኝ። «የሴቶቹ ሊቀመንበር ነሽ።»

«ነኝ።»

«ቦታችንን የሸጥሽው።»

«አልሸጥኩም።»

«ፊርማሽ ተለጥፏል። ሰው አንብቦልኛል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከመታሰሬ ይልቅ ያ አመመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የበጎ ፈቃድ ሴቶች ነን። ደመወዝ የለንም፣ ማኅተም የለንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የውሃ መውረጃውን ቦይ እንጠርጋለን፤ ውሃ ያቆረውን ጉድጓድ እንደፍናለን፣ የወባ ትንኝ የሚራባው እዚያ ነውና። ሰፈር ውስጥ አራስ ስትኖር ገንፎ እናገነፋለን፣ ልብስ እናጥባለን። ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እናያለን። ኦርቶዶክሷም ፕሮቴስታንቷም አብረን ነን፤ መጥረጊያ ሃይማኖት አይጠይቅም።

ገበያው ጎን ቆሻሻ የሚጣልበት አንድ ቦታ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ በእጃችን አጸዳነው። ያጸዳነው ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል ብለን ነው። ገበያ የሚውሉት ሴቶች መሄጃ የላቸውም። ከጫኖ ሙዝና ማንጎ ይዘው የሚመጡት፣ ከጫሞ ዓሣ የሚያመጡት፣ ከደጋ ድንች ተሸክመው የሚወርዱት፣ ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በዚህ ሙቀት። እርጉዞቹም ጭምር። ወንዱ ግድግዳ አያጣም። ሴቷ ምሽት እስኪመጣ ትጠብቃለች።

ቀበሌው «የማኅበረሰብ ዕቅድ ይወጣል፣ ኑና ተሳተፉ» ሲለን ደስ ብሎን ሄድን። ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። አዳራሹ ወለል ላይ ሰፈራችንን በጠጠርና በበቆሎ ፍሬ ሠራነው፤ ጠጠሩ ቤት፣ በቆሎው ቦኖ ውሃ። ያጸዳነው ቦታ ላይ አንዲት አሮጊት የሙዝ ቅጠል ቁራጭ አስቀመጡ። «ይኼ የሴቶች መሄጃ ነው» አሉ። ባለሙያው በትልቅ ወረቀት ገለበጠው። አጨበጨብን።

ከዚያ የስም መመዝገቢያው ዞረ። የእኛ አገር ስብሰባ እንዲህ ነው። ንግግሩ ሳያልቅ ወረቀቱ ይዞራል፤ ሰው ጆሮው እዚያ፣ እጁ እዚህ ሆኖ ይፈርማል። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ከላይ ርዕስ ያለው የመጀመሪያው ወረቀት ፊት የተቀመጡት ወንዶች ዘንድ ሞላ። ለእኛ የደረሱን ከደብተር የተቀደዱ ሦስት ባዶ ሉኮች ናቸው። ባዶ መሆናቸውን አይቻለሁ። አይቼም ተነሥቼ «ፈርሙ፣ ፈርሙ እንጂ! ብዙ መሆናችን ይታይ!» አልኩ። መጻፍ የማይችሉትን እጃቸውን ይዤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ያስነካሁት እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ሴቶች ነበርን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቅዱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። መጸዳጃ ቤቱ የለም። በቦታው የንግድ ሱቆች አሉ። ከሥሩ «የሴቶች ቡድን ቦታው ለሱቅ እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል፤ የስምምነት ፊርማቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል» ይላል። ሦስቱ ሉኮች ፎቶ ኮፒ ተደርገው ጎኑ ተለጥፈዋል። የአሮጊቷ አውራ ጣት እዚያ ላይ አለ። የራሳቸውን የሙዝ ቅጠል በራሳቸው ጣት አስነሥተዋቸዋል።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በማግስቱ አዲስ ወረቀት ገዝቼ ከላይ «የፈረምነው በስብሰባው መገኘታችንን ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩና ቤት ለቤት ዞርኩ። ፖሊሶቹ የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። ወረቀቱንም እኔንም ወሰዱ። «ያለ ፈቃድ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ሕዝብ ማነሣሣት» አሉት።

ይህን ሁሉ ለዓሣ ሻጯ ጀርባ ነገርኩት። አልዞረችም፤ ግን አላንቀላፋችም።

«አንቺስ በምን ገባሽ?» አልኳት።

«በአምባዛ።»

«በዓሣው?»

አሁን ዞረች። «የገበያው ዘበኛ አጥር ሥር ያዘኝ። ቁጭ እንዳልኩ። ዞር እንደ ማለት ሰው ጠራ! ‘ኑ እዩ፣ ኑ እዩ’ አለ፤ ይስቃል። እኔ ተነሣሁ። ቅርጫቴ ውስጥ አንድ አምባዛ ቀርቶኛል፤ ይህን የሚያህል።» ክንዷን እስከ ብብቷ አሳየችኝ። «በሱ ፊቱን መታሁት። ሁለት ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዓሣው ተበላሸ።»

ሳቅኩ። በጾም፣ በእስር ቤት፣ ልጄ ታማ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ጠባቂው በሩን ደበደበና «ዝም በሉ! ሠርግ ቤት መሰላችሁ?» አለ። «ሙሽራዋ እዚህ አለች፣ ግባ!» አለችው። እንደገና ደበደበ። ባልዲውን ስናየው ሳቁ ጠፋ። አጥር ሥር ተቀመጥሽ ተብላ ታስራ የተሰጣት ያ ነው።

በሁለተኛው ቀን እህቴ ምሳ ይዛ መጣች። እንድንገናኝ አልፈቀዱም። ጠባቂው ሳህኑን ሲሰጠኝ «ልጅቷ እህል አልቀምስም ብላለች» አለኝ። ትኩሳቱ ወርዶላት እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ ሐኪም ነኝ?» ብሎ ዘጋው። ሽሮው ሳይነካ ቀረ። ዓሣ ሻጯ ጾመኛ አይደለችም፤ ግን እሷም አልነካችውም።

ብዙም ሳይቆይ ጠሩኝ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ መርማሪው ነው፤ ወጣት፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሌላው የቀበሌው ኃላፊ። ስገባ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

ሚስቱ ስትወልድ እናቷ ሩቅ አገር ነበሩ። ያስታመምናት እኛ ነን። የልጁን የመጀመሪያ ጨርቆች በእነዚህ እጆች አጥቤአለሁ። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ያለኝ በዚሁ ድምፅ ነው።

መርማሪው ፋይል ከፈተ። ሦስቱ ሉኮች ራሳቸው ናቸው፤ ኮፒ አይደሉም። የመጀመሪያውን ወደ እኔ ገፋው። «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ከጎኑ ‘አረጋግጫለሁ’ ብለው ይፈርሙበት። ይሄዳሉ።»

«የማረጋግጠው ምኑን ነው?»

«ፊርማው የእርስዎ መሆኑን» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ። «ሌላ ምንም የለውም። ሰው አሳስቷችሁ ነው እንጂ እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የሚገቡ ሰው አይደሉም፤ እኔ አውቅዎታለሁ።»

«ያሳሳተኝ የለም።»

«እናቴ» አለና ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትንሿ ልጅ ታማለች ሲሉ ሰማሁ። ወባ ክፉ ነው፤ ያውቁታል። አሁን ቢፈርሙ እኔ ራሴ በመኪና ቤትዎ አደርስዎታለሁ። ሱቅ ተሠራ አልተሠራ፣ ከልጅ ይበልጣል?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተቆጥቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ አላውቅም። የጮኸብኝ የለም፤ የመታኝ የለም። የልጄን ሕመም በጨዋ ቃል ጠቅልሎ እንደ እጅ መንሻ አቀረበልኝ። ጆሮዬ ውስጥ የደሜን ድምፅ ሰማሁ።

በልቤ እመቤታችንን ጠራኋት። «ልጄን ማሪልኝ» ልላት ነበር። የወጣኝ «እጄን አጽኚልኝ» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ቅድሚያ የሰጠሁት ለየትኛው እንደነበር ራሴን እጠይቃለሁ። ልጇን ትታ እጇን የምታስቀድም እናት አለች? እመቤታችን ግን እናት ናትና የሁለቱንም ነገር ታውቃለች ብዬ ተውኩት።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩ።

ኃላፊው ደስ አለው። ከኪሱ የራሱን አውጥቶ፣ ክዳኑን ነቅሎ ሰጠኝ።

ሉኩን ወደ እኔ አዞርኩት። ከመጀመሪያው ስም በላይ ሁለት ጣት የምታህል ባዶ ቦታ አለች። እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ ጽሕፈቴ ትልልቅ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ከጎን የምፈርም መስሏቸው አላዩኝም። ከላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የተሰብሳቢዎች ስም መመዝገቢያ። ስለ ሱቅ የተነበበልን ነገር የለም።

አራት ነጥቡን አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን ሉክ ለመሳብ እጄን ስዘረጋ ኃላፊው ነቃ። ሁለተኛውን ከጣቴ ሥር መነተፈው። የወረቀቱ ጥግ ተቀዶ ጣቴ ላይ ቀረ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ?»

እናትነቴ እዚያ ላይ አበቃ።

«ርዕስ አልነበረውም» አልኩት። «ጻፍኩለት።»

«ሰነድ አበላሸች! አየህ አይደል? የመንግሥት ሰነድ አበላሸች! ይሄ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው!»

«ጨርቁን ባጠብኩለት ልጅህ እናት ፊት» አልኩት «እንዲህ ብለህ ጩኽ።» ይህን ማለት አልነበረብኝም። ለሰው የሠሩትን ማንሣት ዋጋውን ያጠፋዋል ብለው ያሳደጉኝ ነኝ። ግን አልኩት፤ አልዋሽም።

መርማሪው ሉኩን አንሥቶ አነበበ። ሁለት መስመር ለማንበብ ብዙ ቆየ። ከዚያ ኃላፊውን አየው። «ሴቶቹ ሲፈርሙ ይሄ ቦታ ባዶ ነበር?»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ፈለገ። እኔ እጅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«መልሳት» አለ መርማሪው ለጠባቂው። የተቆጣው በማን እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም።

ክፍሏ በዚያ ሰዓት እንደ ምድጃ ትግላለች። ዓሣ ሻጯ ቀና አለች።

«ፈረምሽ?»

«ጻፍኩ።» የሆነውን ነገርኳት። ኃላፊው ስለ ልጄ ያለኝንም ነገርኳት።

«እትዬ፣ ጫሞ ውስጥ አዞ አለ» አለች። «ባልንጀራዬን ወስዷል። ግን አዞ እንኳ ሰው ሲበላ ‘ፈርምልኝ’ አይልም።»

ተነሣች። ፍራሿን በሩ ሥር ነበር ያነጠፈችው፤ እዚያ ከታች የጣት ስፋት ያህል ክፍተት አለ፣ ከውጭ ነፋስ ይገባበታል። ለተኛ ሰው የሚደርሰው አየር ያ ብቻ ነው፤ አስቀድማ ስለገባች የእሷ ነበር። ፍራሿን ጎትታ ባልዲው አጠገብ ወሰደችው። የእኔን አምጥታ በሩ ሥር አነጠፈችው።

«እዚህ ተኛ» አለችኝ፤ ለወንድ እንደሚባለው። «ነፋስ አለው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ። ምን ይሸተኛል?»

ተኛሁ። ጉንጬን ሲሚንቶው ላይ አደረግኩ። ነፋሱ እውነትም አለ። ዓይኔን ጨፍኜ የልጄን ግንባር አሰብኩ። ቀኑ እስኪመሽ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ፤ መሐል መሐሉ ላይ ቁጣዬ ይገባና ቃሉ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቆየሁ። ለምን እንደታሰርኩ በወረቀት የሰጠኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም እንዲሁ። «ሂጂ» አሉኝ፣ ሄድኩ። ዓሣ ሻጯን ሽማግሌዎች ገብተው ከዘበኛው ጋር አስታርቀው አስቀድመው አስወጥተዋት ነበር።

ቤት ስደርስ ልጄ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። ከቡድናችን ሁለት ሴቶች ጤና ጣቢያ ወስደዋት፣ መድኃኒቱን አስጀምረዋት፣ ሌሎቹ በተራ ሲያስታምሟት ሰንብተዋል። ደጋግሜ ያስፈረምኳቸው ሴቶች ናቸው። አንዷም «በአንቺ ምክንያት» አላለችኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሌላ የምከፍላቸው የለኝም።

ሱቆቹ ተሠርተዋል። በራቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ አድጎ ነው ይላሉ። የእኔ ጽሕፈት ያለበት ሉክ ኮፒው ከሰሌዳው ተነሣ፤ ኋላ እንደሰማሁት ዋናውንም ከፋይሉ አውጥተውታል፤ ከነርዕሱ ሊያሳዩት አልፈለጉም። እዚያ ላይ የነበሩት አሥራ አራት ሴቶች አሁን ቦታውን ሰጡ የሚል ጽሑፍ የለባቸውም። አሮጊቷ ከነሱ አንዷ ናቸው። ሃያ ስምንቱ ግን ዛሬም ተስማምተዋል ተብለው ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። ገበያተኞቹም ዛሬም ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ዓሣ ሻጯን በዚያ ሳልፍ ሰላም እላታለሁ፤ ከንፈሯ ደርቆ ነው የማገኛት።

እኛም ስብሰባ መሄድ አላቆምንም። ወረቀት ሲዞር እጃችንን ነጠላችን ሥር እናደርጋለን። ቃለ ጉባኤው ይጻፍ፣ በአማርኛም በጋሞኛም ይነበብልን፣ ከዚያ እንፈርማለን እንላለን። «እናንተ ሴቶች ታስመሻላችሁ» ይሉናል። እናስመሻለን።

ባለፈው ጾም የንስሐ አባቴ «ያን ሰው ይቅር ብለሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰውየውን አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ያደረገው ነገር ቀረኝ። እሱን ይቅር ማለት አልቻልኩም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ ስግደት ሰጡኝ። የታዘዝኩትን ሰገድኩ፣ አንድም አላጎደልኩም። ቁጣው ግን አልወጣልኝም። እግዚአብሔር ልጄን መለሰልኝ፣ እጄን አጸናልኝ፣ ከእስር አወጣኝ፤ የለመንኩትን ሁሉ አድርጎልኛል። ይህችን ቁጣ ብቻ እንዲወስድልኝ ለምኜው አልወሰዳትም። ለሥራ የተወልኝ ይመስለኛል። ስለ እሷም አመሰግነዋለሁ።